ለሲደር ጥመቃ የሚሆን የፖም ጭማቂ በብዛት ስለመግዛት

ጥያቄ፦
አነስተኛ የሲደር (ከፖም ጭማቂ ተብላልቶ የሚሠራ የአልኮል መጠጥ) ጥመቃ ሥራ ለመጀመር እየተዘጋጀሁ ነው። መፍጫና መጭመቂያ ለመግዛት አቅሜ ስላልፈቀደ፣ የተጨመቀውን የፖም ጭማቂ በ1,000 ሊትር ታንክ ለመግዛት አስቤያለሁ። ከአቅራቢው ጋር ከመዋዋሌ በፊት ምን መጠየቅ ይኖርብኛል?

ምላሽ፦
ከሁሉ በፊት ጭማቂው ፖታሲየም ሶርቤት ወይም ሶዲየም ቤንዞኤት የተባሉ ከብልሽት መከላከያዎች እንዳልተጨመሩበት በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ሁለቱም የእርሾን መራባት የሚገቱ በመሆናቸው፣ አንዴ ከገቡ በኋላ በቀላሉ አይወጡም። እኔ ይህን ሳልጠይቅ የገዛሁት ሙሉ ታንክ ለሦስት ሳምንት አንድ አረፋ እንኳ ሳያወጣ ቀርቶብኛል። አስኮርቢክ አሲድ ግን ቀለሙ እንዳይጠቁር የሚጨመር ቫይታሚን ሲ ነውና አያሳስብዎት። ፓስቸራይዝ የተደረገም (ጀርሞቹ በሙቀት የተገደሉበትም) ቢሆን እርሾውን ራስዎ ስለሚጨምሩ ችግር የለውም።

ምላሽ፦
ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ። በተጨማሪ የእያንዳንዱን ጭነት ስኳርና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበልጣል) ይጠይቁ፣ ሲደርስዎም ራስዎ ይለኩ። አንጻራዊ እፍጋቱ (ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው እፍጋት፣ የስኳሩን መጠን የሚያሳይ) 1.050 የሆነ ጭማቂ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ሲብላላ ወደ 6.5 በመቶ የሚጠጋ አልኮል ይሰጣል፤ ፒኤቹ ከ3.8 በላይ ከሆነ ደግሞ ለጎጂ ባክቴሪያ ስለሚጋለጥ፣ አሲድ ካለው ጭማቂ ጋር መቀላቀል ወይም ማሊክ አሲድ መጨመር ያስፈልጋል። ለገበታ ከሚቀርብ ፖም ብቻ የተጨመቀ ከሆነ ታኒን (አፍ የሚያደርቅ፣ መረር ያለ ጣዕም የሚሰጥ ንጥረ ነገር) ስለሚያንሰው ሲደሩ ቀጭን ሆኖ እንደሚወጣ ይጠብቁ።

ምላሽ፦
የፓቱሊን ምርመራ ውጤትም ይጠይቁ። ይህ መርዝ ከበሰበሰ ፖም የሚመጣ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የኮዴክስ (የምግብ ደረጃዎች) ገደብ በኪሎ ግራም 50 ማይክሮ ግራም ነው። 70 ብሪክስ (የስኳር መጠን መለኪያ) የሚደርሰው የተጠናከረ ጭማቂ ለማጓጓዝ ይቀላል፤ ሆኖም በማትነን ሂደት መዓዛው ስለሚቀንስ ለዋና ምርትዎ አልመክረውም።