በኤፍ 2 ሳነሳ የኋላው ረድፍ ለምን ይደበዝዛል?

ጥያቄ፦ ካሜራዬ ክሮፕ ሴንሰር (ምስል መቅጃው ከፉል ፍሬም ያነሰ) ነው፣ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር። ቤት ውስጥ ሁለት ረድፍ ሰው ከ3 ሜትር ርቀት በኤፍ 2፣ በ1/200 ሰከንድና በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 ሳነሳ የፊተኞቹ ጥርት ብለው የኋለኞቹ ይደበዝዛሉ። ማንዋል ላይ (ቅንብሩን ሁሉ ራሴ እየመረጥኩ) ሆኜ ኤፍ 5.6 ሳደርገው ደግሞ ይጨልማል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል፣ ጥርት የሚለው ጥልቀት ደግሞ ይሰፋል። በዚያ ርቀት ኤፍ 2 ላይ ጥርት የሚለው ጥልቀት 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለሁለት ረድፍ አይበቃም። ኤፍ 5.6 ላይ ወደ 75 ይደርሳል። ከ2 ወደ 2.8፣ ወደ 4፣ ወደ 5.6 ሦስት እርምጃ ነው፤ በእያንዳንዱ ብርሃኑ በግማሽ ስለሚቀንስ የሚደርስህ አንድ ስምንተኛው ነው። የጨለመው ለዚህ ነው። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/100 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን 1600 አድርገህ መልሰው። ከ1/100 በታች ግን አትውረድ፣ ሰው ይንቀሳቀሳል። ረድፎቹንም አቀራርባቸው፤ ይህ ከየትኛውም ቅንብር በላይ ይረዳል።

ጠያቂ፦ 1600 ፎቶውን አያሻክረውም?

መልስ፦ ትንሽ ያሻክረዋል፣ ግን በኤዲቲንግ ይለሰልሳል። ከፎከስ ውጪ የሆነ ፊት ግን አይመለስም።

ሌላ መልስ፦ አንድ ልጨምር። ሰዎቹ ነጠላና ቀሚስ ከለበሱ የካሜራው መለኪያ ነጩን ወደ ግራጫ ስለሚጎትተው ፊታቸው ይጠቁራል። አፐርቸር ፕራዮሪቲ (ቀዳዳውን አንተ፣ ሹተሩን ካሜራው የሚመርጥበት) ላይ ከሆንክ ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (ፎቶውን የሚያደምቀውን ወይም የሚያጨልመውን ማስተካከያ) ከ+0.7 እስከ +1 አድርግና ሂስቶግራሙን (ከጨለማው በግራ እስከ ደማቁ በቀኝ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እይ፤ የቀኝ ጠርዙ ላይ ከተከመረ የጥለቱ ዝርዝር ጠፍቷል ማለት ነው፣ ትንሽ ቀንስ።