በአደጋ ካርታ ላይ ያለው መቶኛ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ የእሳተ ገሞራ አደጋ ካርታ «በዚህ ሸለቆ የአመዱ ውፍረት ከ10 ሴንቲ ሜትር የመብለጡ ዕድል 30 በመቶ ነው» ሲል ቁጥሩ ከምን ይመነጫል?

መልስ 1፦ የፍንዳታው መጠን፣ የአመዱ ዐምድ ከፍታና የነፋሱ አቅጣጫ እየተለዋወጡ አመዱ የትና ምን ያህል እንደሚወርድ የሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴል ስሌቱን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋግማል፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያለፉት ውጤቶች ድርሻ ነው መቶኛው። ሞዴሉ ራሱ ከተሳሳተ ግን ድግግሞሹ አያድነውም።

መልስ 2፦ የተፈጥሮን ተለዋዋጭነት ከእኛ የዕውቀት ጉድለት መለየት ያሻል፤ ተጨማሪ ልኬት የሚቀንሰው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከእሳተ ገሞራው የሚወጣው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋዝ ፍሰት፣ ለምሳሌ፣ በነፋስ ፍጥነት ተባዝቶ ስለሚሰላ የነፋሱ ግምት በሩብ ሲሳሳት ፍሰቱም በሩብ ይሳሳታል።

ጠያቂው፦ በ1976 እ.ኤ.አ. በካሪቢያን ባሕር ባለችው በጓዴሎፕ ወደ 70 ሺህ ሰዎች ከመኖሪያቸው ከተነሡ በኋላ የተፈራው ታላቅ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ አለመከሰቱ ትንበያውን ስሕተት ያደርገዋልን?

መልስ 2፦ በአንድ ክስተት ብቻ አይፈረድበትም፤ 30 በመቶ የተባሉ በርካታ ትንበያዎች ተሰብስበው ስንቶቹ እንደ ደረሱ ይቈጠራል።