አራተኛው የጉልበት መርፌ ይቅር ወይስ ይቀጥል?

ጤና ይስጥልኝ። የ67 ዓመቷ እናቴ የጉልበቷ ካርቲሌጅ (አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚሸፍነው ልስልስ አካል) ሳስቷል ተብላ በየሦስት ወሩ 40 ሚሊግራም ትራያምሲኖሎን የተባለ ስቴሮይድ (እብጠትና ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት) ጉልበቷ ላይ ትወጋለች። የመጀመሪያው ተአምር ነበር፤ ያለ መቋሚያ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ተመለሰች። ሦስተኛው ሁለት ሳምንት እንኳን አላቆያትም። ደረጃ ስትወርድ ጉልበቷ ሲንቋቋ ከሌላ ክፍል ሆኜ እሰማለሁ።

በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የታተመ ጥናት ይህንኑ መድኃኒት በዚሁ መጠን ለሁለት ዓመት የተወጉት ጨዋማ ውኃ ከተወጉት ይልቅ ካርቲሌጃቸው እንደሳሳ፣ በሕመም ግን ልዩነት እንዳልታየ ይገልጻል። ሐኪሟን ብጠይቃቸው «የተጻፈውን ሁሉ አይመኑ» ብለውኝ አለፉ።

ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው። የካርቲሌጅ ሕዋሳትን ይበልጥ የሚጎዳው ስቴሮይዱ ነው ወይስ አብሮት የሚቀላቀለው ማደንዘዣ? መርፌውን ትቶ በፊዚዮቴራፒ የተሻለው አለ? የአጥንት ሐኪሞች ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ። እርሷ እንደሆነች «ውጉኝና ልረፍ» ብላለች።