በሜሪላንድ በጸደይ የተዘራ ሣር በጁላይ ለምን ይደርቃል?

ጥያቄ፦
የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን የፊት ለፊቱን ግቢ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ያገኘዋል። በኤፕሪል የዘራነው ሣር ለምለም ሆኖ ቢበቅልም፣ ጁላይ ሲገባ ውኃ እያጠጣነውም ደረቀና ቦታውን ክራብግራስ የሚባለው አረም ወረሰው። አሁን ኦገስት እየተጋመሰ ስለሆነ መሬቱን ገልብጠን እንዝራ ወይስ የሚመጣውን ጸደይ እንጠብቅ?

መልስ 1፦
ጸደይን አይጠብቁ። በአካባቢያችን በብዛት የሚዘራው ቶል ፌስኪው ቅዝቃዜ የሚስማማው ሣር በመሆኑ፣ በኤፕሪል ሲዘራ ሥሩ ጠልቆ ሳይሰድ የጁላይ ሙቀት ይደርስበታል፤ ክራብግራስ ደግሞ የሚበረታው በዚያው ሙቀት ነው። አገር ቤት ዝናቡን ተከትሎ መዝራት የለመደ ሰው ግር ይለው ይሆናል እንጂ፣ እዚህ ዋናው የሣር መዝሪያ እንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፤ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስም ይቻላል። መሬቱን መገልበጥ የተቀበረ የአረም ዘር ወደ ላይ ስለሚያወጣ አልመክርም። ያለውን ሣር አሳጥሮ ማጨድና ዘሩ አፈር እንዲነካ የደረቀውን በብረት ሬክ ጭሮ ማንሳት ይበቃል። ለባዶ መሬት በ1,000 ካሬ ጫማ ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ዘር፣ ሣር ላለበት ደግሞ የዚያ ግማሽ ያህል ይሆናል። እስኪበቅል ድረስ ላዩ እንዳይደርቅ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያጠጡት፤ ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ፣ ነገር ግን ውኃው ጠልቆ እስኪገባ ይሁን።

መልስ 2፦
በዘሩ እስማማለሁ፤ በማዳበሪያው ግን ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2013 ሥራ ላይ በዋለው የሜሪላንድ ሕግ መሠረት ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች 1 ሣር ላይ ማዳበሪያ መበተን የተከለከለ ሲሆን፣ የተለመደው ዓይነት ማዳበሪያ በአንድ ጊዜ በ1,000 ካሬ ጫማ ከ0.9 ፓውንድ በላይ ናይትሮጅን እንዲሰጥ አይፈቀድም፤ ትርፉ በዝናብ ታጥቦ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ይገባና አልጌ የሚባለውን የውኃ አረንጓዴ ያፋፋልና። ከረጢቱ ላይ ካሉት ሦስት ቁጥሮች የመጀመሪያው የናይትሮጅኑ መቶኛ ስለሆነ፣ 24 የሚል ከሆነ ጣሪያው 3.75 ፓውንድ ማዳበሪያ ነው። እኔ ብሆን ግን አስቀድሜ አፈሩን አስመረምር ነበር፤ የአሲድነቱ መለኪያ፣ ፒኤቹ፣ ከ6 በታች ወርዶ ኖራ ካልተጨመረበት ማዳበሪያው የሚገባውን ያህል ላይሠራ ይችላል።

መልስ 3፦
ከአንድ እምብርት ተነሥቶ መሬት ለመሬት የሚዘረጋውን፣ ግንዱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላውን ክራብግራስ አሁን በመድኃኒት ማሳደድ አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው አመዳይ ይገድለዋል። ዘሩን ሳያራግፍ ትላልቆቹን መንቀሉ ግን ይጠቅማል። የአረሙን ዘር እንዳይበቅል የሚያግደው መከላከያ የሚበተነው በጸደይ፣ ፎርሲትያ የሚባለው ቁጥቋጦ ቢጫ አበባ በሚታይበት ሰሞን ነው፤ ይህም የሣሩን ዘር ጭምር እንዳይበቅል ስለሚያግድ በጸደይ መዝራትና መከላከያ መበተን አብረው አይሄዱም። አዲሱ ሣር ካደገ በኋላ ማጨጃውንም ከ3 እስከ 4 ኢንች ከፍ አድርጉት፤ ግቢ እየዞሩ የሚያጭዱ ሰዎች ካልተነገራቸው እስከ ሥሩ ነው የሚላጩት።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጓሮ ባለው የኦክ ዛፍ ሥርስ ይኸው ዘር ይሆናል?

መልስ 1፦
ከፊል ጥላ ከሆነ ፋይን ፌስኪው የሚባለው ቅጠለ ቀጭን ሣር የተሻለ ይችላል። ፀሐይ ጨርሶ የማይደርስበት ከሆነ ግን ዘር አያባክኑ፤ ከግንዱ ትንሽ አርቀው የእንጨት ፍቅፋቂ ያልብሱት።