ባለ 7 ማርሽ ፍሪዊል ሳይዝ በባዶ ሲዞር

ጥያቄ፦ የብስክሌቴ ፍሪዊል (የኋላ ጎማው ላይ ሰንሰለቱ የሚያርፍበት ባለ ጥርስ ክፍል) ሰሞኑን ፔዳሉን ስረግጥ አልፎ አልፎ ሳይዝ በባዶ ይዞርና ቆይቶ በድንገት ይይዛል። ጥርሶቹ ገና ያልተበሉ በመሆናቸው መጣሉ ያሳዝነኛል፤ ሊጠገን ይችላል?

መልስ 1፦ በውስጡ በቀጭን ሞላ የሚገፉት ትናንሽ ምላሶች በደረቀ ግራሶና በቆሻሻ ሲጣበቁ ውስጠኛውን ጥርስ መያዝ ያቅታቸዋል። ጎማውን አውልቀው በጎኑ ያስተኙትና፣ ፍሪዊሉን ወደ ኋላ እያዞሩ በሚዞረውና በማይዞረው አካል መካከል ባለው ክፍተት ነጭ ጋዝ ያንጠባጥቡ፤ እድፉ ወጥቶ ሲደርቅ ቀጭን ዘይት ይጨምሩ። ወፍራም ግራሶ፣ በተለይ በብርድ ጊዜ፣ ምላሶቹን መልሶ ያጣብቃል። እባክዎ እስኪያረጋግጡ ድረስ ከመቀመጫው ተነሥተው አይርገጡ፤ አደገኛ ነው።

መልስ 2፦ ታጥቦም ከለቀቀ ሞላው ተሰብሮ ወይም ምላሱ ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል መለወጥ ይሻላል። ሲዞር ጥቂት መወላገዱ ግን ብልሽት አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፔርኖው (በጎማው መሃል የሚያልፈው ዘንግ) ነው፤ የቀኙ ኩሽኔታ ከፍሪዊሉ ወደ ውስጥ ስለሚቀር፣ የማርሹ ቁጥር በጨመረ መጠን ያለ ድጋፍ የሚቀረው የፔርኖ ርዝመት ይበዛል፤ ስለዚህም ይጣመማል፣ ይሰበራልም።

ጠያቂው፦ ሦስት ጊዜ ካጠብኩት በኋላ ጥቁሩ ፈሳሽ ጠርቶ ወጣ፤ አሁን ምላሶቹ ሲይዙ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል። ፔርኖውንም ፈትቼ አያለሁ።