የቅድመ አያት ጎረቤቶች ከቆጠራ ይገኛሉ?

አስናቀ፦ ሰላም ለሰሜን ሸዋ ልጆች። ልጄ የእናቷን ቅድመ አያት ጎረቤቶች ከአሜሪካው የ1950 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ አወጣችና «የአንተስ?» አለችኝ። የእኔ ወገን መንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ ነው። ዘመድ ደግሞ «ከ1976ቱ ቆጠራ ስማቸውን የሚያስወጣ ሰው አለ፣ ገንዘብ ላክ» ይላል። ልላክ?

ተፈራ፦ እንዳትልክ! አገራችን የተቆጠረው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። የሚታተመው ድምሩ ነው፤ የእያንዳንዱ ቤት ቅጽ በምስጢር ይያዛል። የአሜሪካው ግን 72 ዓመት ሲሞላው ይከፈታል። በነገራችን ላይ ልጅህ አንድ ነገር ታጣራ፦ ቆጣሪው በር ለበር ስለሚሄድ ከላይና ከታች የተጻፈው ጎረቤት ነው፤ ቤቱ ያልተገኘ ሰው ግን ኋላ ተቆጥሮ ከገጽ 71 ጀምሮ ነው የሚጻፈው። የቤት ቁጥር ከዘለለ እዚያ ትፈልገው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤትም ብዙ ገጽ ርቆ ሊገኝ ይችላል።

ሰብለ፦ ለመንዙ የመሬት ደብተሩን ፎቶ አንስተው ይላኩልህ። አዋሳኝ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ ይላል።

ተፈራ፦ ሰብልዬ፣ እሱ ለቅድመ አያት አይሆንም። በየካቲት 1967 አዋጅ ርስት ቀርቶ መሬቱ ተደልድሏል፤ ደብተሩ ላይ ያለው ከዚያ ወዲህ የመጣ አዋሳኝ ነው። በርስት ዘመን መንዝ ውስጥ ጎረቤት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ አቅኚ አባት (መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው) ተወላጅ ነበር፣ በአባትም በእናትም። ስለዚህ መጀመሪያ ትውልድ ይቆጠር።

እታገኝ፦ ሽማግሌ ሲጠየቅ «ጎረቤቱ ማን ነበር?» አይባልም፤ ሁለት ስም ጠርተው ዝም ይላሉ። መቀናጆው፣ በሬ አቀናጅቶ አብሮት የሚያርሰው፣ ማን ነበር? ማኅበር ከእነማን ጋር ይጠጣ ነበር? ልጆቹን ክርስትና ያነሳው ማነው? የመንደሩ ሹም፣ ጭቃ ሹሙስ? እንዲህ ነው። ዓመተ ምሕረትም አትጠይቁ፤ «ከማይጨው በፊት ነው በኋላ?» በሉ። ድምፁን ቅዱ። እነዚህ ሰዎች እያለቁብን ነው!

ከበደ፦ ዘመድ ለምን ይጠረጠራል? ሽማግሌ ፍለጋ ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር በምን ይሂድ? እኛ እዚህ ተቀምጠን የአገር ሽታ በስልክ እንፈልጋለን።

ተፈራ፦ ለመጓጓዣ ይላክ፣ ማን ከለከለ? «የቆጠራ ቅጽ» ተብሎ ግን አይላክ።

ከበደ፦ ጋሼ፣ ልዩነቱ ለእሱ ምንድነው? ያው ችግር ነው።

ሰብለ፦ ሳጥን ውስጥ የድሮ የመሬት ክስ ውሳኔ ግልባጭ ካለ እሱ ይፈለግ። የምስክርና የአዋሳኝ ስም ያለበት እዚያ ነው።

አስናቀ፦ የግብር ደረሰኝ አለ ብለውኛል። በእሱ ላይ የሚጻፈው የከፋዩ ስም ነው ወይስ የአቅኚ አባቱ?

ከበደ፦ መጀመሪያ የዘመዱ ነገር ይለይልን።