የቆየውን የግል ኢሜይሌን ልተወው ወይስ ለሥራ ላስተካክለው?

ጥያቄ፦ ተርጓሚዋ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ሰነድ በመተርጎም የምተዳደር ሴት ነኝ። ለስድስት ዓመታት በአንድ ድርጅት ተቀጥሬ ስሠራ ቆይቼ በቅርቡ ራሴን ችዬ መሥራት ጀምሬያለሁ። ሥራ በለቀቅሁበት ዕለት ማታ የድርጅቱ ኢሜይል ስለተዘጋብኝ፣ ከደንበኞቼ ጋር የተጻጻፍኩት ሁሉ እዚያው ቀረ። አሁን በእጄ ያለው ተማሪ ሳለሁ የከፈትኩት የጂሜይል አድራሻ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የቅጽል ስሜና የአራት አኃዞች ቅልቅል ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ደንበኛ በስልክ አድራሻዬን ጠይቆኝ ፊደል በፊደል ስነግረው ሁለት ጊዜ አስደገመኝና፣ «ይህ የሥራ አድራሻዎ ነው?» አለኝ። ነው ለማለት አፌ ተሳሰረ።

ችግሩ በስሙ ብቻ አያበቃም። በዚያ ሳጥን ውስጥ ከ11,000 በላይ ያልተነበበ መልእክት ተከምሯል፤ አብዛኛውም ማስታወቂያና የማኅበራዊ ገጾች ማሳወቂያ ነው። በዚህ ክምር ውስጥ አንድ የትርጉም ሥራ ጥያቄ ለ9 ቀናት ተቀብሮ ቆይቶ፣ ባገኘሁት ጊዜ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ስለዚህ አዲስ አድራሻ መክፈት ይሻለኛል ወይስ ያለውን ማጽዳት? ከከፈትኩስ ነፃው ይበቃኛል ወይስ የራሴን ዶሜይን (ከ«አት» ምልክቱ በኋላ የሚገባውን ስም) መግዛት አለብኝ? ስሜም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ስለሚጻፍ የትኛውን እንደምመርጥ ተቸግሬያለሁ። የድሮ ደንበኞቼንስ እንዴት ላግኛቸው?

መልስ፦ መዝገብ ቤት

አዲስ ይክፈቱ። በቅጽል ስም የተከፈተ አድራሻ ምንም ያህል ቢጸዳ ያው ቅጽል ስም ነው። የላቲኑን አጻጻፍ በተመለከተ ግን ምርጫው የጆሮ ጉዳይ መሆን የለበትም። በፓስፖርትዎና በትምህርት ማስረጃዎ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ይመልከቱና፣ ባይወዱት እንኳ፣ በዚያው ይክፈቱት። «ፀ»ን አንዱ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ ሌላው በ«ቲ» እና «ዜድ» ይጽፈዋል፤ «ቀ»ንም አንዱ በ«ኪው» ሌላው በ«ኬ» ይጽፈዋል። ውል ላይ ያለው ስምና የኢሜይሉ ስም በአንዲት ፊደል ሲለያዩ፣ ክፍያ የሚፈጽመው ሰው እንደ ሁለት ሰው ቆጥሮ ማብራሪያ ሊጠይቅዎት ይችላል።

ስምዎ ከአባትዎ ስም ጋር ተይዞ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፣ ወይም ሙያዎን የሚገልጽ አጭር ቃል ይጨምሩበት። የልደት ዓመት አይጨምሩ፤ ዕድሜዎን ለማያገባው ሁሉ ከመንገሩም በላይ፣ ሰዎች ከቁጥሩ አንዷን ስተው መልእክቱን ለሌላ ሰው ይልኩታል። የግርጌ ሰረዝም አይጠቀሙ፤ አድራሻው ሊንክ ሆኖ ከሥሩ ሲሰመርበት ሰረዙ ይዋጣል። ትንሿ «ኤል» ከአንድ ቁጥር፣ «ኦ» ከዜሮ ጋር እንደሚምታቱም አይርሱ። ነጥብን በተመለከተ ጂሜይል በስም መካከል ያለውን ነጥብ አይቆጥረውም፤ ሰው ነጥቧን ቢረሳትም መልእክቱ ይደርስዎታል። በአውትሉክና በአንዳንድ ሌሎች ዘንድ ግን ነጥብ ያለውና የሌለው ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው።

አድራሻውን ከመክፈትዎ በፊት ስሙን ለማያውቅ ሰው በስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ነግረውት የጻፈውን እንዲያነብልዎ ያድርጉ። አንድም ፊደል ከሳተ ሌላ ይምረጡ።

መልስ፦ የራስ ቤት

እኔ የራስ ዶሜይን ይግዙ ባይ ነኝ፤ ምክንያቱንም ራስዎ ነግረውናል። የድርጅቱ አድራሻ በአንድ ምሽት የተዘጋብዎት ዶሜይኑ የድርጅቱ ስለነበረ ነው። በነፃ አድራሻም ቢሆን ከ«አት» ምልክት በኋላ ያለው ስም የሌላ ኩባንያ ንብረት ነው። የራስዎ ዶሜይን ካለዎት ግን አገልግሎት ሰጪው ባይመችዎት፣ መልእክቱ ወደየትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚናገረውን «ኤምኤክስ» የሚባል መዝገብ ቀይረው ወደ ሌላ ይዛወራሉ፤ ደንበኛው የሚያውቀው አድራሻ አይነካም።

ሲገዙ ግን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉትን ሦስት መዝገቦች ሳያስገቡ አንድም መልእክት እንዳይልኩ። እነዚህ ለተቀባዩ ሰርቨር «ይህ መልእክት በእርግጥ ከዚህ ዶሜይን ባለቤት የመጣ ነው» ብለው የሚመሰክሩ ናቸው። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚህ ላይ ጠበቅ ብለዋል፤ መዝገቡ የጎደለው ዶሜይን መልእክቱ ወደ ስፓም (የማይፈለጉ መልእክቶች ሳጥን) ሊወርድበት ወይም ጭራሹኑ ሊመለስበት ይችላል።

መልስ፦ ጠንቃቃ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ቢሆንም፣ እኔ የደረሰብኝን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ዶሜይን ነበረኝ። ክፍያው በየዓመቱ በራሱ ከካርዴ ላይ እንዲቆረጥ አድርጌው ሳለ የካርዱ ዘመን አለፈ። የማስጠንቀቂያው መልእክትም ይላክ የነበረው ከፍቼ ወደማላየው አሮጌ አድራሻ ነበር። ለአራት ቀናት ማንም ሰው ሊጽፍልኝ አልቻለም፤ እኔ ግን ደንበኞቼ ዝም ያሉኝ መስሎኝ ነበር። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዶሜይኑ ጨርሶ ከእጅ ወጥቶ ሌላ ሰው ቢገዛው፣ በእኔ ስም የሚላከውን መልእክት ሁሉ መቀበል፣ በዚያ አድራሻ የከፈትኳቸውንም ገጾች የይለፍ ቃል መቀየር የሚችል መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሥራዎን ገና እየጀመሩ ስለሆነ በስምዎ የተከፈተ ነፃ አድራሻ ይበቃዎታል። ደንበኛ የሚሸሸው ከቅጽል ስም እንጂ ከጂሜይል አይደለም። ሥራው ሲደላደል ዶሜይን ይግዙ፤ በአንድ ጊዜም የብዙ ዓመት ይክፈሉ። ዶሜይኑን የገዙበትን አካውንት ግን በዚያው ዶሜይን አድራሻ እንዳይከፍቱት፤ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በር እንደመዝጋት ይሆንብዎታል።

መልስ፦ አሮጌው ሻንጣ

አሮጌውን አድራሻ ምን ላድርገው ለሚለው፣ አይዝጉት። ያንን አድራሻ ለዓመታት ስንት ቦታ እንደተመዘገቡበት ማወቅ አይችሉም፤ የእነዚያ ሁሉ ገጾች የይለፍ ቃል ሲጠፋ ማደሻው የሚላከው ወደዚያው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ያሁ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈቱ አድራሻዎችን ለአዲስ ሰዎች ማደል ሲጀምር፣ አዲሶቹ ባለቤቶች ለቀድሞዎቹ የተላከ የግል መልእክት ይደርሳቸው ነበር። ጉግል የተሰረዘ ስም ለሌላ አይሰጥም፤ ሆኖም ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ አካውንትን ሊሰርዝ እንደሚችል በ2023 እ.ኤ.አ. ስላስታወቀ፣ አልፎ አልፎ መግባት አይዘንጉ።

እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው። በአሮጌው ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የሚመጣው መልእክት ሁሉ ወደ አዲሱ እንዲተላለፍ አዘዝኩ፤ ለማረጋገጫ ወደ አዲሱ የሚላከውን ኮድ ማስገባት ያስፈልጋል። በአዲሱ ውስጥ ደግሞ በአሮጌው አድራሻ በኩል የመጣውን ሁሉ «አሮጌ» የሚል ሌብል (መለያ) በራሱ የሚለጥፍ ፊልተር፣ ማለትም ማጣሪያ፣ ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ያ ሌብል በታየ ቁጥር ሁለት ነገር ብቻ አደርግ ነበር፦ ላኪው ሰው ከሆነ ከአዲሱ አድራሻ መልሼ መቀየሬን እነግረዋለሁ፤ ድረ ገጽ ከሆነ ገብቼ አድራሻዬን እቀይራለሁ፣ ካላስፈለገኝም ምዝገባዬን እሰርዛለሁ። ባንክና ገንዘብ የሚነካ ነገር ግን መልእክት እስኪልክልኝ አልጠበቅሁም፤ በመጀመሪያው ቀን ተቀምጬ ቀየርኩት። በስድስት ወር ውስጥ ሌብሉ በሳምንት አንዴ ቢታይ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ወደ ስፓም የገባ መልእክት አይተላለፍም። ስለዚህ የአሮጌውን ስፓም በየሳምንቱ ገብተው ይዩት፤ በ30 ቀን ውስጥ ራሱ ይጠፋልና።

መልስ፦ መዝገብ ቤት

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ደንበኞችን ለማግኘት ከመጣደፍዎ በፊት ከድርጅቱ ጋር የተፈራረሙትን ውል ያንብቡ። በሥራ ኢሜይል የተሰበሰበ የደንበኛ ዝርዝር የድርጅቱ ሊሆን ይችላል፤ የቀድሞ አሠሪ ደንበኞችን ለተወሰነ ጊዜ ማግባባት የሚከለክል አንቀጽ ያለበት ውልም አለ። እነሱ ፈልገው ቢያገኙዎት ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አዲሱን አድራሻ በሙያ ገጽዎ ላይ በግልጽ ማስቀመጡ ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

መልስ፦ ሦስት ሌብል

ስለ ማደራጀት ብዙ ሰው አቃፊ በማብዛት ይጀምራል። እኔም አርባ ያህል አቃፊ ነበረኝ፤ መልእክቱን የት እንዳስገባሁት ለማስታወስ የማጠፋው ጊዜ መልእክቱን ከማንበብ ይበልጥ ነበር። አሁን በላኪ ስም፣ በቀንና በአባሪ ፋይል መፈለግ ስለሚቻል ሦስት ሌብል ይበቁኛል፦ «መልስ እሰጣለሁ»፣ «መልስ እጠብቃለሁ» እና ለክፍያ ብቻ የሚሆን «ሒሳብ»። ሥራው ያለቀ መልእክት አይሰረዝም፤ ወደ ማኅደር ይገባል፣ ከገቢ ሳጥኑ ላይ ግን ይነሣል። ከሦስቱ ዋናው ሁለተኛው ነው። ረቂቅ ልከው አስተያየት የሚጠብቁበት ደንበኛ ዝም ሲል፣ ዝም ማለቱን የሚያስታውስዎት ሌላ ማንም የለም። እኔ ዘወትር ሐሙስ ጠዋት ያንን ሌብል ከፍቼ ከአምስት ቀን በላይ የቆየውን በአጭር ቃል አስታውሳለሁ።

የ11,000ውን ክምር ለማንበብ እንዳይሞክሩ። መጀመሪያ የሚያውቋቸውን ደንበኞች ስም አንድ በአንድ ፈልገው መልእክታቸውን ያውጡ፤ ከዚያ ከአንድ ወር በፊት የመጣውን በሙሉ ፈልገው በአንድ ጊዜ ወደ ማኅደር ይላኩት። በኮምፒውተር ላይ «ሁሉንም ምረጥ» ሲሉ በመጀመሪያ የሚመረጡት በገጹ ላይ የሚታዩት ብቻ ናቸው፤ ከዝርዝሩ በላይ የምትወጣውን፣ የፍለጋውን ውጤት በሙሉ ለመምረጥ የምትጠይቀውን መስመር ካልተጫኑ ሃምሳ ሃምሳ እያደረጉ ሲያነሡ ይውላሉ።

በአዲሱ አድራሻ ደግሞ የስልክዎን ፎቶዎች አያስቀምጡ። ጂሜይል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይሉ ብቻ ሳይሆን ለፋይል ማስቀመጫው ለድራይቭና ለፎቶም ጭምር ነው፤ ቦታው ከሞላ በኋላ ውሎ ሲያድር የሚላክልዎ መልእክት ወደ ላኪው መመለስ ይጀምራል። በቪዲዮ ምክንያት ውል የያዘ መልእክት ሲመለስ ማየት ያሳዝናል።

መልስ፦ ጠንቃቃ

የደኅንነቱ ነገር ለነገ አይባልም። ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አድራሻውን በከፈቱበት ቀን ያብሩ፤ የሚሰጡዎትን 10 መጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት አትመው ከፓስፖርትዎ ጋር ያስቀምጡ። እያንዳንዱ ኮድ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስልክ የጠፋበት ሰው ኢሜይሉም አብሮ የሚጠፋው ኮዶቹን በዚያው ስልክ ላይ ፎቶ አንሥቶ ስላስቀመጣቸው ነው። በተጨማሪም የተላከን መልእክት የመመለሻ ጊዜውን ከ5 ሰከንድ ወደ 30 ያሳድጉት፤ አባሪው መረሳቱ ትዝ የሚለን «ላክ» ካልን በኋላ ነውና።

ጥያቄ፦ ተርጓሚዋ

እጅግ አመሰግናለሁ። አዲሱን አድራሻ በፓስፖርቴ አጻጻፍ ከፍቻለሁ፤ ለታናሽ ወንድሜ በስልክ ነግሬው በመጀመሪያው ሙከራ በትክክል ጻፈው። ውሉንም አንብቤ እስከ አንድ ዓመት ድረስ የድርጅቱን ደንበኞች ማግባባት እንደማይፈቀድልኝ ስለተረዳሁ፣ ያንን ሐሳብ ትቼዋለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። አንድ ደንበኛ አድራሻዬን መቀየሬን ሁለት ጊዜ ነግሬው፣ እሺ ብሎኝም፣ አሁንም የሚጽፍልኝ በአሮጌው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሮጌው ሻንጣ

ሰውየው ችላ ብሎ ላይሆን ይችላል። የስምዎን መጀመሪያ ሲጽፍ ፕሮግራሙ ራሱ አሮጌውን አድራሻ ይሞላለታል፤ እሱም ስምዎን አይቶ ይልካል። «አድራሻዬን ቀይሬያለሁ» ከማለት ይልቅ «አሮጌውን ከአድራሻ ዝርዝርዎ ውስጥ እባክዎ ይሰርዙልኝ» ብለው ይጻፉለት። እርስዎም ስልክዎን ይፈትሹ፦ ሁለቱም አካውንቶች እዚያ ካሉ፣ ሳያስተውሉ ከአሮጌው ሳጥን ሆነው መልሰውለት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ እሱ የሚያየው የአሮጌውን አድራሻ ነው። አሮጌውን ከስልኩ ያውጡትና በኮምፒውተር ብቻ ይክፈቱት።